«ብርድ መታኝ» የሚባለው የሽንት ማቃጠል፦ የሰሜን ሸዋ ሴቶችን የሚያመላልሰው ኢንፌክሽን ከየት ይመጣል?

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሽንት ያመላልሳል። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቱም ውርጭ ነው። ሲበርድ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደም ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ኩላሊትም ትርፍ ፈሳሽ ያለ መስሎት ሽንት ያበዛል። ይህ በሽታ አይደለም። ከኢንፌክሽን የሚለየው በመጠኑ ነው። ብርድ ያመጣው ሽንት በየጊዜው ሞልቶ ይወርዳል፣ ቀለሙ ፈዛዛ ነው፣ አያቃጥልም። የፊኛ ኢንፌክሽን የያዛት ሴት ግን ሮጣ ሄዳ የሚወጣላት ጥቂት ጠብታ ነው። ሲወጣ ያቃጥላታል፣ ተነሥታ ልብሷን ሳታስተካክል ደግሞ ይመጣባታል። ሽንቱ ይደፈርሳል፣ ሽታው ይለወጣል፣ አንዳንዴ ደም ይቀላቅላል፤ ከእምብርት በታችም ይከብዳታል።

በአካባቢያችን ግን ለሁለቱም የተሰጠው ስም አንድ ነው፦ «ብርድ መታኝ»። ችግሩ ስሙ ሕክምናውንም ይዞ መምጣቱ ነው። ብርድ ከሆነ መፍትሔው መሞቅ ይሆናል፤ ምድጃ ዳር መቀመጥ፣ ወይባ ጭስ መሞቅ፣ ትኩስ ተልባ መጠጣት፣ ሲብስም አንድ መለኪያ አረቄ። ትኩስ ተልባ ፈሳሽ ነውና አይጎዳም፤ ፊኛ ውስጥ የገባውን ባክቴሪያ ግን አይገድልም። ጭሱ ደግሞ ፊኛ ድረስ አይደርስም። አረቄው ሰውነትን ከማድረቁም በላይ የተቆጣውን ፊኛ ይብሱን ያስቆጣዋል። በዚህ መሀል ሦስትና አራት ቀን ያልፋል። ጥቂት የማይባሉ ሴቶች ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ትኩሳቱና የጎን ውጋቱ ሲጀምር፣ ማለትም ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ከደረሰ በኋላ ነው።

ሴቶች ለምን ይበልጥ ይጠቃሉ ቢባል መልሱ በአፈጣጠር ይጀምራል። የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንዱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የሴቷ መውጫ ለፊንጢጣም ቅርብ ነው። አንጀት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ያቺን አጭር መንገድ ተሻግሮ ፊኛ ከገባ ሞቅ ያለ፣ ለመራባት የሚመች ቦታ አገኘ ማለት ነው። ቀላል ከሚባሉት የፊኛ ኢንፌክሽኖች ከአራቱ ሦስቱንና ከዚያም በላይ የሚያመጣው እሱ ነው። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ስለዚህ የንጽሕና ጉድለት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፣ ባልና ሚስትንም ሊያጠራጥር አይገባም። ከግንኙነት በኋላ የሚነሣ መሆኑ ብዙ ሴቶችን ያስደነግጣል። ያኔ የሚሆነው ግን እዚያው ቆዳ ላይ የነበረው የራሷ ባክቴሪያ ወደ ቧንቧው መገፋቱ ነው። በተለይ አዲስ ሙሽሮች ላይ ይታያል። ከግንኙነት በኋላ ሳይቆዩ መሽናት ወጪ የለውም፣ መልመዱም ጥሩ ነው።

ሰውነት ለዚህ ወራሪ ያለው ዋናው መከላከያ መሽናት ራሱ ነው። ኢ. ኮላይ በሚመቸው ሁኔታ በየ20 ደቂቃው እጥፍ መሆን ይችላል። ፊኛ በየሦስት አራት ሰዓቱ ከተራገፈ የገቡት ጥቂት ባክቴሪያዎች ሥር ሳይሰዱ ታጥበው ይወጣሉ። ሽንት ሲታገድና በውሃ እጦት ሲወፍር ግን ጊዜ ያገኛሉ። የሰሜን ሸዋ ሴት የቀን ውሎ መታየት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው።

ገበያ የምትወጣ እናትን እንውሰድ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከቤት ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ብትመለስ በመካከሉ 10 ሰዓት አለ። ወንዱ ግድግዳ ጥግ ዞር ብሎ ይሸናል፤ እሷ የምትገባበት የለም። ስለዚህ ከጠዋት ጀምራ ውሃ አትቀምስም። ይህን የምታደርገው ሳታውቅ አይደለም፣ አስባበት ነው። አረቄ የምታወጣዋም ድፍድፉን ጥዳ እንፋሎቱ የሚወርድበትን ዕቃ እያቀዘቀዘች እሳት ዳር ትውላለች፤ ዞር ብትል ድፍድፉ ያርራል። እሳቱ ያልባታል፣ ውሃው ግን ለዕቃው እንጂ ለእሷ አይደርስም። የፋብሪካ ሠራተኛዋ ፈረቃዋን፣ ተማሪዋም በር የሌለውን የትምህርት ቤት ሽንት ቤት እያሰበች ሽንቷን ትይዛለች። ደጋ ላይ ብርዱ ጥማትን ስለሚያጠፋ ሰው ሳይጠጣ መዋሉን እንኳ ልብ አይልም። ከጣርማበር ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ላቡ ውሃውን ይወስደዋል፣ ለሽንት የሚተርፈው ጥቂትና ወፍራም ይሆናል። መነሻቸው ቢለያይም ውጤታቸው አንድ ነው።

ውሃ ያለው ጥቅም በልማድ ብቻ የሚባል አይደለም። በቀን ከ1.5 ሊትር በታች ፈሳሽ በሚጠጡና ኢንፌክሽኑ በሚመላለስባቸው 140 ሴቶች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ እንዲጨምሩ አደረገ። በ12 ወር ውስጥ በነዚህ ላይ የታየው ኢንፌክሽን በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲሆን ባልጨመሩት ላይ 3.2 ጊዜ ነበር። 1.5 ሊትር ማለት ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው፤ አንዱ በጠዋት፣ አንዱ በምሳ፣ አንዱ በማታ። ሽንቱ እንደ ገለባ ፈዛዛ ከሆነ በቂ ነው፤ እንደ ጠላ ከጠቆረ አልበቃም። ቡና በዚህ ሒሳብ አይገባም። አቦሉም በረካውም ፊኛን ስለሚያነቃቃ ሕመሙ ባለበት ሰሞን መቀነስ ይሻላል።

ሆኖም ሽንት ቤት ለሌላት ሴት «ውሃ ጠጪ» ማለት ግማሽ ምክር ነው። ብትጠጣ የት ትሽና? ገበያ ዳር ከውስጥ የሚቀረቀር በር ያለው፣ ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አጠገቡ የተቀመጠ የሴቶች ሽንት ቤት ቢኖር ከብዙ ፖስተር የበለጠ ይሠራል። በሩ መቀርቀሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የማይዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ሴት ቸኩላ ትወጣለች፣ ፊኛዋንም ሳታራግፍ ትቀራለች። የተረፈው ሽንት ደግሞ ለባክቴሪያው እርሾ ነው። ይህ የቀበሌ፣ የከተማ አስተዳደርና የትምህርት ቤት ሥራ እንጂ የሴቲቱ የብቻ ኃላፊነት አይደለም።

ጾምም አለ። እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም የማትቀምስ ሴት የቀኑን ውሃ ከ9 ሰዓት በኋላ መሙላት ይኖርባታል። አንዴ አንድ ሊትር ከመጨለጥ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ እያሉ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማዳረስ ይሻላል። ረመዳንን በሚጾሙ የቀወትና የኤፍራታና ግድም ሴቶች ዘንድም ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁር ያለው ሰዓት ለዚሁ ይሆናል። ኢንፌክሽኑ የያዛት፣ በተለይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን ለንስሐ አባቷ ወይም ለሼሁ ነግራ ብትጠጣ ነው የሚሻላት። ሃይማኖቱም ለታመመ ይፈቅዳል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የምትሄደዋም መድኃኒቷን ቤት ትታ መሄድ የለባትም። ጠበሉና እንክብሉ አይጣሉም።

ስለ ንጽሕና የሚባለው ብዙ ስለሆነ ዋናውን ብቻ እናንሣ። አቅጣጫው ከፊት ወደ ኋላ ነው፣ በውሃም ሆነ በወረቀት። ደጋ ላይ ከሌላው የሚለየን ኩበት ነው። ኩበት ስትጠፈጥፍ የዋለች ሴት እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ሰውነቷን ብትታጠብ የከብቱን ባክቴሪያ እዚያው ታደርሳለች። የብልትን ውስጥ በሳሙና፣ በዴቶል፣ በሎሚ ወይም በጨው ውሃ ማጠብ ንጽሕና ይመስላል፤ የሚገድለው ግን አካባቢውን አሲዳማ አድርገው የሚጠብቁትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። ውስጡ ራሱን ያጸዳል፣ ውጩን ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። የውስጥ ልብስን አፍሮ ከሌላ ልብስ ሥር ደብቆ ማስጣትም ጥሩ አይደለም። ርጥበቱ ስለማይወጣ ፈንገስን ይጋብዛል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር በሽታውን ከሌላ መቀላቀል ነው። ማሳከክና ነጭ እርጎ መሰል ፈሳሽ ካለ፣ ማቃጠሉም ሽንቱ ውጭውን ቆዳ ሲነካ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ቢጫ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ፣ ወይም ባሏም ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ ጨብጥና ክላሚዲያ መታየት አለባቸው፤ ሕክምናውም ለባልም ለሚስትም በአንድ ጊዜ ነው። ወደ አዋሽ ተፋሰስ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ሽንቱ መጨረሻ ላይ ደም ካሳየ የሽንት ቢልሃርዝያ ይታሰብ። ወገብ ያመማት ሁሉ ደግሞ «ኩላሊቴን» ትላለች። ስታጎነብስ፣ ጀሪካን ስታዝል የሚብሳት፣ ስትተኛ የሚተዋት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ነው። የኩላሊቱ ኢንፌክሽን ከጎድን አጥንት ሥር በአንድ ጎን ይወጋል፣ ብትገላበጥም አይለቅም፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥና ማስመለስ አብረውት ይመጣሉ።

እዚህ ላይ የጤና ባለሙያዎችም ድርሻ አለን። ትኩሳት ያላት ሴት ደጋ ላይ ስትመጣ የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራ ታዞላት «ሁለቱም አለብሽ» ተብላ ትመለሳለች። ቆላ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። ወባን ማየት ተገቢ ነው። የታይፎይዱ የደም ምርመራ ግን የድሮ ንክኪን ጭምር ስለሚያሳይ ለብቻው መተማመኛ አይሆንም። ትኩሳት ያላት ሴት የሽንት ምርመራ ሳይሠራላት መሄድ የለባትም። ጎኗን በእጅ መታ አድርጎ ማየት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

ምርመራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ላብራቶሪው ከመድረሱ በፊት ነው። ሴቲቱ ኩባያ ተሰጥቷት «ሽንት አምጪ» ብቻ ትባላለች። ትክክለኛው አወሳሰድ እንዲህ ነው፦ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ብልትን በንጹሕ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ ማጠብ፤ ከንፈሮቹን በጣት ከፍቶ መያዝ፤ የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤቱ ውስጥ መልቀቅ፤ ሳያቋርጡ መካከለኛውን በኩባያው መቀበል፤ የመጨረሻውን መተው። የኩባያው ውስጥና የክዳኑ ውስጥ በጣት አይነካም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የቆዳ ሴል በብዛት ከተገኘ ሽንቱ ከውጭ ተበክሏልና ይደገም እንጂ «ኢንፌክሽን አለ» አይባልም። ሽንቱ በ2 ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት፤ ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ከቤት በድሮ የመድኃኒት ብልቃጥ ተሞልቶ በአውቶቡስ የመጣ ሽንት ባክቴሪያው መንገድ ላይ ስለሚራባ ኢንፌክሽን የሌለባትን ሴት ያለባት ያስመስላታል።

የጤና ጣቢያው ስትሪፕ፣ ማለትም ሽንት ውስጥ የሚነከረው የምርመራ ወረቀት፣ ለዚህ ኢንፌክሽን ሁለት ነገር ያያል፤ የነጭ የደም ሕዋስን ምልክትና ባክቴሪያው የሚፈጥረውን ናይትራይት። ናይትራይቱ የሚፈጠረው ሽንት ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ሲቆይ ስለሆነ በየግማሽ ሰዓቱ የምትሸና ሴት ኢንፌክሽን እያለባት «የለም» ሊል ይችላል። የስትሪፑ ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ ደግሞ ርጥበት ያበላሸዋል። ባክቴሪያውን አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለየው ካልቸር ነው። ውጤቱ ከ2 እስከ 3 ቀን ይወስዳል፣ በሁሉም ጤና ጣቢያም አይሠራም። ሁሉም ሴት ካልቸር ያስፈልጋታል ማለት አይደለም። ጤነኛ፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች፣ ምልክቷ ግልጽ የሆነ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዛት ያለ ካልቸር መታከም ትችላለች። ለነፍሰ ጡር፣ ለስኳር ታማሚ፣ ትኩሳት ላላት፣ መድኃኒት ወስዳ ላልተሻላትና ለተመላለሰባት ግን ግድ ነው፤ ናሙናውም የሚወሰደው የመጀመሪያው እንክብል ከመዋጡ በፊት ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ «ሲፕሮ ስጠኝ» ብላ አራት ፍሬ ገዝታ የምትሄድ ሴትን ማየት የተለመደ ነው። በሁለተኛው ቀን ማቃጠሉ ይተዋታል፣ የተረፈውን ፍሬ ለጎረቤት ታካፍላለች። የቀሩት ባክቴሪያዎች በወር ውስጥ ሲመለሱ ለዚያው መድኃኒት የጠነከሩት ሊሆኑ ይችላሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ይያዙ ከሚላቸው ፀረ ተሕዋስያን ክፍል ውስጥ ነው የመደበው። ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ጅማት ሊጎዳ ይችላል፣ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። በወተት፣ በአይረን እንክብል ወይም በጨጓራ ማስታገሻ ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ታስሮ ሳይሠራ ይወጣል፤ ከነዚህ ቢያንስ 2 ሰዓት መቅደም ወይም 6 ሰዓት መዘግየት አለበት። አሞክሳሲሊንና ቴትራሳይክሊን ደግሞ በአገራችን በሚወጡ የካልቸር ውጤቶች ላይ ኢ. ኮላይን ብዙ ጊዜ አይበግሩትም። «አንዴ አድኖኝ ነበር» ዛሬ ማስረጃ አይሆንም።

ለቀላሉ የፊኛ ኢንፌክሽን የሚመረጠው ናይትሮፉራንቶይን ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀው ባለ 100 ሚሊ ግራሙ በቀን 2 ጊዜ፣ ተራው ባለ 50 ሚሊ ግራሙ በቀን 4 ጊዜ፣ ለ5 ቀን ይታዘዛል። ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ ሽንትን ወደ ቡናማ ቢለውጥ አያስደነግጥም። ፊኛ ውስጥ እንጂ ኩላሊት ውስጥ በበቂ ስለማይገኝ ትኩሳትና የጎን ውጋት ላላት ሴት አይሆንም፤ ኩላሊቷ ለደከመም፣ ወሯ ለገባ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ኮትሪሞክሳዞል ባክቴሪያው የሚበገርለት ከሆነ 960 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ሁለት ባለ 480 እንክብል፣ በቀን 2 ጊዜ ለ3 ቀን ነው፤ በድምሩ 12 ፍሬ። ኦግሜንቲንና ሴፋሌክሲንም እንደ ሁኔታው ይታዘዛሉ። የምትጾም ሴት የጠዋቱን ፍሬ ታልፋለች፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደውን ግን ሳታልፍ በ12 ሰዓት ርቀት ብትውጠው ነው የሚሻላት። ቀላሉ ኢንፌክሽን ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃዋልና «ለጥንቃቄ» ብሎ ወደ 10 ቀን መለጠጥም ጥቅም የለውም። በ48 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ከሌለ መድኃኒት ከመቀየር በፊት ካልቸር ይሠራ።

እርግዝና የተለየ ነው። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ምንም ሳያቃጥላቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ሌላ ሴት ላይ ቢሆን ሕክምና አያስፈልገውም ነበር። በእርግዝና ግን ሆርሞኑና የሚያድገው ማሕፀን የሽንት መውረጃዎችን ስለሚያላሉና ስለሚጫኑ፣ ካልታከሙት ውስጥ እስከ 30 በመቶ በሚደርሱት ላይ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ ያለጊዜው መውለድና ክብደቱ ያነሰ ሕፃንም ሊከተል ይችላል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ምልክት ባይኖርም ለ7 ቀን እንዲታከም፣ ለማወቂያውም በተቻለ መጠን ካልቸር እንዲሠራ ይመክራል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ በመጀመሪያው ክትትል ሽንቷ ለፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ለባክቴሪያም እንዲታይላት ትጠይቅ። መድኃኒቱን ከጨረሰች ከሳምንት በኋላ ምርመራው ይደገማል። ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡር እንክብል ይዛ ወደ ቤት አትመለስም፤ ተኝታ በመርፌ ትታከማለች። ከመሸ በኋላ መኪና የማይገኝበት ቀበሌ ያለች ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አምቡላንስ መጥራት ያለባት ማንቀጥቀጡ ሲጀምር ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

በ6 ወር 2 ጊዜ ወይም በዓመት 3 ጊዜ የያዛት ሴት «ተመላላሽ» በሚባለው ክፍል ትገባለች። ለእሷ ስኳር ይለካላት፣ ጠጠርና የተረፈ ሽንት መኖሩ በአልትራሳውንድ ይታይላት። ከወሊድ በኋላ ሽንት የሚያንጠባጥባት ካለች ስለ ፊስቱላ ትመርመር፤ ይህ የምታፍርበት ሳይሆን የሚታከም ጉዳት ነው። የወር አበባቸው የቆመ እናቶች ላይ የኤስትሮጅን መቀነስ የብልትን ቆዳ ስለሚያሳሳና ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ስለሚያመናምን ኢንፌክሽኑ ይደጋገማል። ብልት ውስጥ የሚቀባ የኤስትሮጅን ቅባት ድግግሞሹን ይቀንሳል፤ ሐኪሙ ካላነሣው እናቶቹ ራሳቸው ቢጠይቁ ነውር የለበትም። ብዙ እናቶች «በዚህ ዕድሜዬ» እያሉ ዓመታት ይችሉታል።

ተመላላሽ ኢንፌክሽን ያለባት ሴት ካልቸር በተሠራላት ቁጥር ወረቀቱን ትቀበል፣ የዋጠችውንም መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ ከወረቀቱ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር ታስቀምጥ። በሚቀጥለው ጊዜ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥታ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።